በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው አስተያየት

"እዚህ ጋ አቁምልኝ አባዬ... አዳራሹ ድረስ አትምጣ።"

ኢድዋል ወተት የሚያመላልስበትን ቦቴ መኪና ሁለት ቅያስ ሲቀረው አቆመው።

"ጓደኞችሽ አሉ መሰለኝ" አላት።

"አስተማሪዎቼም ጭምር።"

ልጁ ኤለሪ በብሪታኒያዋ ዌልስ የሥነ ጽሑፍ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የዛሬው የከተማው ዓመታዊ የግጥም ውድድር ነው። "ወንበሩ የኔ ነው" ብላ ለክፍሉ ሁሉ አውርታለች...

እዚያ ሁሉም የሚወዳደረው በብዕር ስም ነው። የአሸናፊው የብዕር ስም ተጠርቶ መለከት ሲነፋ ባለቤቱ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ሽልማቱ በእጅ የተጠረበ ትልቅ ወንበር ነው።

ዳኛዋ ወረቀቷን ገለጠች።

"ሁለተኛ፣ 'ነጭ ላባ'። ቃላቱ ያምራሉ... ግን ውስጡ ሰው የለም።"

ነጭ ላባ ኤለሪ ነበረች። ፊቷ ቀላ።

"አንደኛ፣ 'ባለጋሪው'" አለችና ዳኛዋ ማንበብ ጀመረች።

"ከሰል ሻጩ ጋሪውን ከድልድዩ ወዲህ አቆመ፤
ልጁ ብቻዋን ተሻገረች፤ ጥላው እንኳ እንዳይከተላት።"

ኤለሪ ክው አለች። ይህን ግጥም ታውቀዋለች...

ከወር በፊት አባቷ "አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈው ነው፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስኪ እይለት" ብሎ ሰጥቷት ነበር።

እሷም ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ "የማይታመን ታሪክ። አባቷን እንዲህ የምታደርግ ልጅ የለችም። ሾፌርነቱ ይሻለዋል።"

መለከቱ ተነፋ።

ያንን ሾፌር ለማየት ዞረች...

ከመጨረሻው ረድፍ የተነሳው የገዛ አባቷ ነበር።



ኢድዋል መድረኩ ላይ ወጣ። እንደ ደንቡ አንድ ሽማግሌ ሰይፉን ከሰገባው ከፈል አድርገው መዘዙ። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ "ሰላም" ካላለ አሸናፊው ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ሽማግሌው ጠየቁ፦

"ሰላም ነው?"

"ሰላም!" አለ አዳራሹ። የኤለሪ አፍ አልከፈት አለ።

"ሰላም ነው?"

"ሰላም!"

ጓደኛዋ በክርኗ ነካ አደረገቻት። "ምነው ዝም አልሽ? ሰውዬውን ታውቂዋለሽ እንዴ?"

ሦስት ዓመት ሙሉ አብረው ተምረው፣ ጓደኛዋ አይታው አታውቅም።

"አባቴ ነው" አለች ኤለሪ። እንባዋ ቀደማት።

"ሰላም ነው?"

በዚህኛው ብድግ ብላ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ መለሰች። ኢድዋል ያን ጊዜ ተቀመጠ።

በኋላ "ለምን ያንተ መሆኑን አልነገርከኝም?" አለችው።

"የማይታመን ነው ብለሽ ጽፈሽ የለ? እኔ ምን ልበልሽ..."

ወንበሩ ሁለት ቅያስ ለመሸከም ከባድ ነበር። ኤለሪ ጓደኞቿ፣ አስተማሪዎቿ ሁሉ እያዩ መንገዱ መሐል ቆማ፣ ቦቴውን በእጇ እየጠራች አዳራሹ በር ድረስ አስጠጋችው።

ወገኖቼ... በሰው ታሪክ ላይ ለመፍረድ ሁላችንም ጎበዞች ነን። ታሪኩ የራሳችን መሆኑን እስክናውቅ ድረስ ብቻ።

እናንተስ... ሁለት ቅያስ አርቃችሁ ያቆማችሁት ማንን ነው? እስኪ ሳታፍሩ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት።