ሰባት ዘንግ

ሸዋጌጥ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከተነጠቀች አምስት ወሯ ነው። ጭልፋ ጎድሏል ብላ በሰው ፊት ያዋረደቻት ልብስ ሰፊዋ ዓባይነሽ ናት። አሁን ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትንጎራደደውም እሷው ናት። ሸዋጌጥ ያን ቁልፍ ባየች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል። የእጇን ሳታገኝማ አልሞትም ብላለች።

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ዓባይነሽን ሦስት ቤት ያዋስናታል፤ በቀኝ ድንቅነሽ፣ በጓሮ መታሰቢያ፣ በግራ ሸዋጌጥ። የሰፈሩን ጉድ የሸዋጌጥን ያህል የሚያውቅ የለም። የዓባይነሽ ባል ሞረዳ ከስድስት ዓመት በፊት ስሙን ባልጻፈ ሰው ጥቆማ ተይዞ፣ ዓመት ከርሞ በዱላ እያነከሰ ሲመለስ ቀድማ ያየችው ሸዋጌጥ ናት። ቀድማ ያለቀሰችውም እሷ ናት።

መጋቢት ላይ ሸዋጌጥ ከዓባይነሽ የስፌት መኪና ሥር ብርቱካናማ ጨርቅ ሲወጣ አየች።

"አባዩ፣ አካም ጅርታ? ምንድነው እሱ?" አለች በአጥሩ ቀዳዳ።

"የመምህር ዋጋሪ ነው። የሌለ አገር ባንዲራ።"

"የሌለ አገር ደግሞ ባንዲራ ምን ይሠራለታል?"

"የቡድሃ መነኮሳት ጥንት በመርከብ መጥተው ቀይ ባሕር ዳር መንግሥት ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ምን እንሆን ነበር ብሎ ተማሪዎቹን ሊያከራክር ነው። መሃሉ ላይ ያለው ጎማም ስምንት ዘንግ ነው፤ ሁሉም ትርጉም አለው አለኝ። እኔ መስፋት እንጂ ምን አውቃለሁ?" ዓባይነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ጊዜው አያስተማምንም።"

"እኔ? ምላሴ ይቆረጥ!"

በነጋታው ባንዲራው በሸዋጌጥ አጥር በኩል ተሰጥቶ ዋለ። ዓባይነሽ የሰው ጨርቅ ፀሐይ ያደበዝዘዋል ብላ ውጭ የማታሰጣ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ግን በድንቅነሽ በኩል አስጥታ ነበር፤ ከዚያ በፊት በጓሮ። እንደ ጋሪ ጎማ ያለ ነጭ ክብ መሃሉ ላይ ተሰፍቷል። ሸዋጌጥ ዘንጎቹን ቆጠረች። ሰባት።

"መቁጠር እንኳ የማትችል፣ የኔን ጭልፋ ቆጠረች!" አለች።

ወረቀት አወጣችና በግራ እጇ ጻፈች። የቀኝ እጇን ጽሑፍ እድርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። የቀበሌው የጥቆማ ሣጥን ክዳን ከጎን ተገፍቶ እንጂ ተስቦ አይከፈትም፤ እሷ እንደለመደችው ገፋችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ ጫንያለው ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ሸዋጌጥ ነጠላዋን አጣፍታ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች።

"ምነው! ምን መጣብሽ አባዩ!"

ሞረዳ ደጃፉ ላይ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል። ጫንያለው ወረቀቱን አነበበ። "ብርቱካናማ ባንዲራ። ነጭ ጎማ፣ ሰባት ዘንግ። የማይታወቅ ቡድን ምልክት ነው ይላል።"

"ስንት ዘንግ?" አለች ዓባይነሽ።

"ሰባት።"

"እስቲ ድገምልኝ።"

"ሰባት አልኩሽ እኮ!"

ዓባይነሽ ማኅተም ያለበትን የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና ባንዲራውን አመጣችለት። ጫንያለው ዘንጎቹን በጣቱ ቆጠረ፤ ስምንት ናቸው። ሳቁ መጣ።

"ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? የሌለ አገር ፍለጋ ነው እንዴ የላኩን!" አለና ሚሊሾቹን ይዞ ወጣ።

ሸዋጌጥ በንዴት ነጠላዋን ሰበሰበች። ተከትላቸው ልትወጣ ስትል ዓባይነሽ ክንዷን ያዘቻት።

"ቆዪ እንጂ ሸዋዬ። ሻይ ልጣድ።"

ሞረዳ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። እያነከሰ ሄዶ የግቢውን በር ቀረቀረው። ዓባይነሽ ከመኪናው መሳቢያ ሌሎች ሦስት ባንዲራዎች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

"ባለስድስቱን ያየችው ድንቅነሽ ናት። ባለዘጠኙን መታሰቢያ።" መካከለኛውን በመዳፏ አስተካከለችው።

"ባለሰባቱን ያሳየሁት ላንቺ ብቻ ነው።"