መሣሪያው የሰማው አሥራ አንድ ቃል

ይርገዱ ከማኅፀን በር ካንሰር ከዳነች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ጉሮሮ ላይም ሁለተኛ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ በዚያ ዘመን ከመጀመሪያው የዳነ ሰው ሁሉ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድድ ነበር። የእሷ መሣሪያ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። ሰው ከሰው ጋር ሲጨዋወት ሰምቶ፣ ድምፁ ከተለወጠ ለክሊኒኩ ያሳውቃል።

አንድ ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ኑሪያ ደወለች።

«እትዬ ይርገዱ፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? በዚህ ወር የሰማው አሥራ አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«አልተበላሸም የኔ ልጅ።»

የሚያነጋግራት ሰው እንደሌለ ነርሷ ገባት። «እንግዲያውስ እኔን ያጫውቱኝ» አለቻት ለስለስ ብላ።

ይርገዱ ስልኩን ይዛ መሣሪያው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ሳታስበው ስለ ባሏ ጀመረች። በሽታው በግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ እንደሚመጣ ሐኪሙ የነገራቸው ዕለት፣ «ከማን አመጣሽው?» ብሏት ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። ጎረቤት ሰማ። እሷም ከሰው ሸሽታ በሯን ዘጋች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ግን አላቆም አላት።

ስትጨርስ ነርሷ መሣሪያው የላከውን ውጤት አየች።

«እትዬ፣ መሣሪያው አሁን በደንብ ሰምቶዎታል። ድምፅዎ ሻክሯል፤ ነገ ጠዋት መታየት አለብዎት። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ግን እስከ ዛሬ ድምፅሽ ተለውጧል ያለዎት ሰው የለም?»

ይርገዱ ማን ሊላት ይችል እንደነበር አሰበች። አንድም ሰው ትዝ አላላትም።

«እመጣለሁ» አለች። «ስልኩን ብቻ አሁን አትዝጊብኝ።»