የቆጡ ጌሾ

ዌንደል በዚህ ዓለም አምርሮ የሚጠላቸው ነገሮች ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ናቸው። ለራሱ አይደለም፤ ለጌሾው ነው።

በየዓመቱ መከር ሲደርስ፣ እሱና ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ጓደኞቹ ሆፕስ የሚሉትን የቢራ ጌሾ በጅምላ ያስመጣሉ። ዌንደል ድርሻውን ገና መኪና ላይ እያለ ማቀፍ ይጀምራል። ቤት ሲደርስ አየሩን በማሽን መጦ በላስቲክ ያሽገዋል፣ ቀኑን ይጽፍበታል፣ ከዚያ ጋራዥ ውስጥ ካለው ፍሪዘር ታች፣ ከአጋዘን ሥጋው ሥር ይቀብረዋል።

«ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህልኝ ብታውቅ!» ትለዋለች ሚስቱ ኮሌት።

ዌንደል የፍሪዘሩን ክዳን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ረቡዕ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊጠግን የአማቱ ቆጥ ላይ የወጣው።

አማቱ ሽማግሌው ኦክታቭ ከግሪን ቤይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አያታቸው ከቤልጂየም መጥተው በሠሩት ቀይ የጡብ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ሰሞን ባርኔጣቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ዕንቁላል ጥደው ረስተውት ድስቱ ከሰለ። ኮሌትም ከተማ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል አስይዛ፣ «ከእንግዲህ አንዲት ነገር ካየሁ አባዬ እዚያ ይገባል» ብላ ቆረጠች።

«እዚያ ቢራ መጥመቅ ክልክል ነው አሉ» ብለው ነበር ሽማግሌው። «ታዲያ ምን እየሠራሁ ልሙት?»

ዌንደል አማቱን ይወዳቸዋል። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ፣ «የኔ ልጅ» ብለው በጠሩት ቁጥር ዛሬም ሆዱ ይባባል። ሽማግሌው ከዚያ ቤት ወጥተው አንድ ክረምት እንደማይከርሙ ያውቃል።

ቆጡ ላይ ጭንቅላቱን ብቅ እንዳደረገ ሽታው ተቀበለው። ቀኑን ሙሉ ቦቲ ውስጥ የዋለ ካልሲ ይመስላል። ዞር ሲል፣ ከሦስት ዓመት በፊት በሽማግሌው ስም ያስመጣላቸው የጌሾ ጆንያ የጭስ ማውጫው ጥግ ቆሟል። አፉ ተከፍቷል፣ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ያርፍበታል። አረንጓዴው ጌሾ ቡኒ ሆኗል። ዌንደል መሰላሉን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

«አየኸው?» አሉ ኦክታቭ ከታች ሆነው፣ ፊታቸው በደስታ ፈክቶ። «ቅዳሜ ልክ ይሆናል!»

«ምኑ አባባ?»

«ጌሾው ነዋ!»

«ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት ብዬዎት አልነበር?»

«ብለኸኛል። ፍሪዘር ለዓሣ ነው።» ጣታቸውን ቀሰሩበት። «እንዳትነካብኝ! በየእሁዱ በእጄ እያገላበጥኩት ነው።»

ዌንደል ዕንባው መጣ። በቃ፣ የሰውየው አእምሮ ሄዷል።

ከሁሉ የከፋው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ የኬርሚስ፣ የመከሩ በዓል ነው። ኦክታቭ የአያታቸውን ኮምጣጣ ቢራ ሊጠምቁ ዘመዱን ሁሉ ጠርተዋል። ኮሌትም ትመጣለች፤ የምትመጣው ለቢራው እንዳልሆነ ዌንደል ያውቃል። አባቷ ያንን የገማ ነገር ቢራው በሚፈላበት ጎላ ውስጥ ሲጨምሩ ካየች አለቀ።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌው ካርታ ሊጫወቱ ሲወጡ ዌንደል ፍሪዘሩን አራግፎ መጣ። የገማውን ከጆንያው አውጥቶ፣ የዓመት ጌሾውን እሽግ በእሽግ እየቀደደ ወደ ጆንያው ገለበጠ። አሮጌውን ከጎተራው ጀርባ በበርሜል አቃጠለው፤ የጎረቤት ውሻ ጭሱን አሽትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የራሱን ጌሾ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ፣ ትኩስ ጡብ አጠገብ ትቶ መውረድ ግን ልጅን ገበያ መሀል ጥሎ እንደመሄድ ሆነበት። ሁለት ጊዜ ተመልሶ አየው።

ቅዳሜ ግቢው በዘመድ ሞላ። ኮሌት እጇን አጣጥፋ ጎላው አጠገብ ቆመች። አባቷ ብቅሉን መዘኑ፣ ልክ ነው። ውሃውን በክርናቸው ለኩ፣ ልክ ነው። የእህቶቻቸውን ልጆች አንድ ሳይሳሳቱ በየስማቸው እየጠሩ ተሳደቡ።

«ደህና ነው እኮ» አለች ኮሌት ለባሏ በሹክሹክታ። «ሳልቸኩልበት አልቀረሁም። ክፍሉን ልተወው መሰለኝ።»

ዌንደል በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የኮራበት ጊዜ አልነበረም፤ ለማንም መናገር አለመቻሉ ብቻ ከነከነው።

«የኔ ልጅ» ብለው ተጣሩ ሽማግሌው፣ «ጌሾዬን አውርድልኝ!»

ጆንያውን ተሸክሞ ሲመጣ ግቢው በሎሚና በጥድ ሽታ ታወደ። ዘመዱ ሁሉ «ወይ ጉድ፣ እንዴት ይሸታል!» አለ። ኮሌትም ፈገግ አለች።

ኦክታቭ ፊታቸውን ጆንያው ውስጥ ቀበሩ። ቀና አሉና እንደገና አሸተቱ። ከዚያ አንድ አረንጓዴ ጌሾ አንስተው ለዌንደል አሳዩት።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች ኮሌት።

«የአያቴ ቢራ ምሬቱ ያለቀ ጌሾ እንጂ ሌላ አይቀበልም» አሉ ሽማግሌው። «ሦስት ዓመት ሙሉ እስኪገማልኝ ነበር የጠበቅሁት።»