ከዱቄቱ ሥር

መላው ሃቫና የተሰበሰበ እስኪመስል ጎረቤቱ ሁሉ የኤቬሊዮን አሮጌ ታክሲ ከቦት ነበር። ኤቬሊዮ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ፣ ከትራክተር ነቅሎ በገጠመው ሞተር ላይ የተረጨውን የእሳት ማጥፊያ ዱቄት በቀለም ብሩሽ ይጠርግ ነበር። «ከዘንባባ የሚረዝም ነበልባል ብቻዬን አጠፋሁ» ብሎ ካወራ ሰዓት አልሞላውም። ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ግን ምንም ያልነካው ሽቦ ብቅ አለ፤ ከራዲያተሩ እንፋሎት በቀር የጨሰ ነገር አልነበረማ። ቢተወው ዱቄቱ ብረቱን ሊበላው፣ ቢጠርገው ስሙ አብሮ ሊጠረግ ሆነ።

«ጀግናው፣ እስቲ የተቃጠለውን አሳየን!» አለ አንዱ።

አማቱ ኦዳሊስ ጎንበስ ብለው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ኤቬሊዮ ብሩሹን ገታ አደረገ።

«ሰዉ እስኪበተን ቀስ እያልክ ጥረግ» አሉት በሹክሹክታ።

«እማማ፣ ውለታዎን...»

«ላንተ ብዬ መሰለህ? እሳቱን በዓይኔ አየሁ ብዬ ለመንደሩ የማልኩት እኔ ነኝ!»