ከንፈር የማይመጠጥበት ሜዳ

አካል ጉዳተኛን አይቶ ከንፈር መምጠጥ በሕግ ከተከለከለ ሦስት ዓመት ሆነው። በየግድግዳው የተሰቀለው ማሽን ድምፁን ከሰማ ይጮኻል። እኔ ደግሞ እግሮቼ ስለማይታዘዙኝ፣ ፈረስን በልክ የማራመድ ጥበብ የሆነውን የስልት ግልቢያ ስማር ፈረሴን ዳማን የማስኬደው ከንፈሬን እየመጠጥኩ ነው። ዛሬም ገና አንድ እርምጃ ሳንሄድ ማሽኑ ጮኸ።

«ውረጂ፣ አንጓች!» አለኝ አሠልጣኜ ይርዳው።

«ለማን አዘንኩ? ለፈረሱ?»

«ለራስሽም ማዘን ክልክል ነው።»

ደሜ ፈላ። እናቴ ልትወስደኝ መጥታ አጥሩ ጋ ቆማለች። የመሳም ድምፅም ከንፈር መምጠጥ ስለሚመስል ማሽኑን ያስጮኸዋልና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም የምትለኝ እጄን ጨብጣ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ነይ ሳሚኝ!» ብዬ ከኮርቻው ጎንበስ አልኩላት።

ይርዳውን አየችው። ከዚያ አጥሩን አልፋ መጥታ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። ማሽኑ እሪ አለ። ዳማ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ በየመሳሙ አንድ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እናቴም እየተከተለች ሳመችኝ።