ስልሳ ቅጽ ከአዋሽ

በአዋሽ የአንድ ሰፈር ወጣቶች የአእምሮ ጤና ክበብ ቤት ለቤት ዞሮ የሞላውን ስልሳ ቅጽ ሰመራ ለጤና ቢሮ ላከ። በአራተኛው ቀን ሲስተር ንጋትወርቅ ከሰመራ በአምቡላንስ መጣች። በቅጹ መሠረት ስልሳውም ሰው በአንድ ዓይነት ሕመም፣ ያውም በአንድ ዓይነት ቃል ታሟል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የቧንቧው ውሃ ነበር። ተመረመረ፤ ደህና ነው። ተራው የክበቡ ሆነ።

የክበቡ ሰብሳቢ ብሩኬ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እጅጌው ጣቱን የሚሸፍን ወፍራም ጃኬት ለብሶ ተቀበላት። የቀኑ ሙቀት አርባ ዲግሪ ደርሷል። ምሳ ቀርቦለት ሳህኑን ወደ ጸሐፊዋ ወደ አሚራ ገፋው። ስልኩ ጠራ፤ አየውና ዘጋው።

«ውሸት ከሆነ ክበቡ ዛሬውኑ ይዘጋል» አለች ሲስተር።

«ክበቡማ አይዘጋ፣ ሲስተር። ሌላ መዋያ የለኝም» አለ ብሩኬ።

ከስልሳው ሕሙማን አንዱ፣ የሆቴል ባለቤቱ ኑረዲን፣ ተጠራ። ቅጹን ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹ወንድሙ ዲቾቶ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።› ወላሂ፣ ወንድም የሚባል የለኝም! አምስት እህቶች ናቸው ያሉኝ። ማንኮራፋቴን ደግሞ እንግዶቼ ይመስክሩ።»

ቀጠለ።

«‹ምግብ አይበላም።›» ሆዱን መታ መታ አደረገ። «‹የእናቱን ስልክ አያነሳም።› እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከደወለችማ አነሳለሁ! ‹የሟቹን ልብስ ከላዩ አያወልቅም።› በዚህ ሙቀት? እኔ ሽርጡም ከብዶኛል።»

ሲስተር ሌሎቹን ገለጠች። የአራት ዓመት ሕፃንም ወንድሟ ዲቾቶ ላይ ሞቶባታል። የመንትዮቹ ወንድማማቾችም ወንድማቸው ሞቷል፤ ሁለቱም በር ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አሚራ አለቀሰች። «በየቤቱ ‹እኛ ጋ እብድ የለም› እያሉ በር ዘጉብን። ባዶ ቅጽ አይላክ ነገር! ብሩኬ እንዴት እንደሚሞላ ለማሳየት የሰጠንን ናሙና ገለበጥነው።»

«ናሙናውን ከየት አመጣኸው?»

«ዝም ብዬ የጻፍኩት ነው» አለ ብሩኬ። ስልኩ እንደገና ጠራ። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

ሲስተር ንጋትወርቅ ስልሳውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋች፤ «ብሩኬ፣ ጃኬቱ የማን ነው?»