ቀይ እርማት

ባለቤቴ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ በቀይ ቀለም የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ አራሚ ነበር። በተቀበረ በሳምንቱ፣ ታሞ ሳለ ደጃችንን ያልረገጡት ታናናሾቹ ለተዝካሩ የሚነበብ የሕይወት ታሪኩን ሊያስጽፉኝ ሳሎኔን ሞሉት።

«ጋሼን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ጻፊው» አለች እህቱ።

«በስልክ ነው?» አላት ወንድሟ።

ጻፍኩላት፤ ለውሸቷ ወረቀት አላጣሁም። ከሥሩ የራሴን አከልኩ፦ «ባለቤቱ እስከ መጨረሻ ትንፋሹ ከአጠገቡ አልተለየችም።»

ሸኝቻቸው፣ በሩን ቆልፌ ስመለስ የእህቱ መስመር በቀይ ተሰርዟል። ከላዩ «አልመጣችም» ይላል። እጅ ጽሑፉ የእሱ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ከመፍራት ይልቅ ደስ አለኝ። «እሰይ፣ ልክ ልኳን ነገርካት» አልኩ።

ከዚያ ወደ ራሴ መስመር ወረድኩ። ተሰርዟል፤ ከላዩም «ስጠራት በረንዳ ላይ ነበረች» ይላል።